ፈገግ በሉ አላልኳቸውም

የልጆች ስፖርት ውድድር ላይ ካሜራ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ጥቂት ዓመት ሆነኝ፣ እና በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ሲያናድደኝ ነው የኖረው፣ የሌላ ሰው ልጅ ሳነሳ ፎቶው እንደ ጉድ ያምራል፣ የራሴን ልጅ ሳነሳ አይሆንም። የማላውቀው ልጅ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው፣ አፍንጫውን በማልያው ሲጠርግ አነሳዋለሁ እናቱ ታየውና "ውይ ይሄ እኮ ራሱ ነው" ትላለች። የኔዋ ጋር ስደርስ ወይ ጥርሷን ገጥጣ ሌንሱ ላይ ታፈጣለች፣ ወይ ፊቷን ታዞራለች፣ ወይ ደሞ የሆነ ዕቃ ጠፍቶባት ምትፈልግ ነው ምትመስለው። ይሄ ሦስተኛው ፊት ለምን እንደሚመጣ ባለፈው ነው የገባኝ። እሱን ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት፣ ግን ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም ስለምሄድ ታገሱኝ።

የመጀመሪያው ቀን ካሜራውን ተውሼ ነው የሄድኩት። እንዲህ ውድ የሆነ ዕቃ ራሱ ያስብበት ብዬ አውቶ ላይ አደረግኩት። ማታ ስከፍተው ከ300 ምናምን ፎቶ ውስጥ ልጅ የሚመስል ነገር ያለበት በጣት የሚቆጠር ነው፣ ሌላው በሙሉ ጀርባ፣ ክርን፣ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ኮፍያ፣ እና ውሃ የፈሰሰበት ቀለም የመሰለ ፊት። ካሜራው አልበደለኝም። ብርሃኑን አይቶ ሹተሩ፣ ማለት ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ለ1/125 ሰከንድ ቢከፈት ይበቃል ብሎ ወስኗል፣ ለቆመ ሰው ይበቃል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ልጅ ግን በዛች ቅጽበት ውስጥ 4 ሴንቲ ተጉዟል፣ እጁማ ከዛም በላይ። 1/1000 ላይ ሲደረግ ግማሽ ሴንቲ ብቻ ይሆናል። በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ ውጪ ሜዳ ላይ ከ1/1000 አልወርድም፣ ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን፣ ማለት ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አደርጋለሁ፣ ፎቶው ነጠብጣብ ቢበዛበትም ችግር የለውም፣ ነጠብጣብ ያለበት ፎቶ ታግሰህ ታየዋለህ፣ የደበዘዘ ፎቶ ግን ምንም አይደረግም።

ሁለተኛው የተማርኩት ነገር ዓይኔን አለማመንን ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪጫን የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ይፈጅበታል፣ ያ የሚሮጠው ልጅ በዛ ጊዜ አንድ ሜትር ሄዷል። ስለዚህ "አሁን!" ብለህ ከተጫንክ ያለፈውን ነው ያነሳኸው። ቀድመህ መጀመር ነው ያለብህ። እና በተከታታይ መተኮስ፣ የኔ ካሜራ በሰከንድ 10 ፍሬም፣ ማለት 10 ፎቶ፣ ይይዛል፣ ስጀምር ይሄ ሁሉንም ነገር የሚይዝ መስሎኝ ነበር። አይይዝም። ሲድኒ ላይ በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው አይደል፣ በኔ ካሜራ በአንዱ ፍሬምና በቀጣዩ መሀል ያለው ክፍተት 0.1 ሰከንድ ነው። ማለት የዛ ሁሉ ሩጫ ልዩነት ሁለቱ ፎቶዎቼ መሀል ገብቶ ሊጠፋ ይችላል። ይሄን ካሰብኩ በኋላ "ያቺን ቅጽበት አመለጠችኝ" ብሎ መብሰልሰል ትንሽ ቀነሰልኝ።

የሚሮጥ ነገር ደሞ ዓይናችን የሚያየውና ካሜራ የሚያየው አንድ አይደለም። ኤድዋርድ ማይብሪጅ የሚባለው ሰው በ1878 12 ካሜራ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ ሲያነሳ፣ አራቱም እግሩ አየር ላይ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ታየ፣ ግን ሰዓሊዎቹ ሲስሉት እንደኖሩት እግሩን ወደፊትና ወደኋላ ሲዘረጋ አይደለም፣ ሆዱ ስር ሲሰበስበው ነው። ልጆችም ላይ ይሄ ነገር አለ። በዓይንህ ስታየው እንደ ሚዳቋ የሚሮጥ ልጅ ፍሬም በፍሬም ስታየው መሀል ላይ ወንበር ፈልጎ የሚቀመጥ ነው የሚመስለው። የኋላ እግሩ ጣት መሬቱን ልትለቅ ስትል ያለችውን ፍሬም ነው መምረጥ ያለብህ፣ ሌላውን ለልጁ አታሳየው፣ ይቀየማል።

አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። መጀመሪያ ጂም ውስጥ ያነሳሁ ቀን አንዱ ፎቶ ቢጫ ቀጣዩ ጨለማ ሌላው ደህና እየሆነ ካሜራው ተበላሽቶ ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ፣ የተዋስኩት ነዋ። ለካ መብራቱ ነው። ከመስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሄድ አንዳንዱ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል፣ ዓይናችን አያየውም፣ 1/1000 ላይ ያለ ሹተር ግን መብራቱ ደብዘዝ ሲል ደርሶ ይከፈታል። አሁን ያሉት ብዙ ካሜራዎች ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ ሜኑ ውስጥ አላቸው፣ እኔ ግን ሜኑ ማንበብ የማልወድ ሰው ስለሆንኩ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ፍላሽ እንዳትሉኝ ብቻ። ጠባብ እንጨት ላይ የቆመች የጂምናስቲክ ልጅ ፊት ላይ፣ ወይም ለመዝለል ጎንበስ ያለ ዋናተኛ ላይ ፍላሽ የሚያበራ ሰው አይቻለሁ፣ ዳኛው አባረረው፣ ደስ አለኝ።

እና መንበርከክ። ቆመህ ካነሳህ የምታገኘው አናት ነው። ካሜራው ልጁ ደረት ላይ ሲወርድ ዓለሙ በሙሉ ይቀየራል፣ ከኋላ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ጉልበትና ቀበቶ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የሱሪዬ ጉልበት ሁሌ አፈር ነው። ቴክኒኩ ይብቃን፣ የቀረውን በመሥራት ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፎቶው ያለው ትራኩ ላይ አይደለም። የልጆች ውድድር ማለት 10 ሰከንድ ለመሮጥ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ማለት ነው፣ እና ሁሉም ካሜራ የያዘ ሰው አስሯ ሰከንድ ላይ ተጋፍቶ ሁለቱን ሰዓት ስልኩን እያየ ያሳልፋል። እኔ ግን ሁለቱን ሰዓት ነው የምወደው። አንድ ልጅ ነበር፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ተራውን ሲጠብቅ የጫማውን ማሰሪያ አሰረ፣ አየው፣ ፈታው፣ እንደገና አሰረ። ከዛ አጠገቡ ያለውን ልጅ ጫማ አየ። የዛኛው ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። የራሱን ፈታና ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ እሱም ሁለት ጊዜ ቋጠረ። ከዛ ተነስቶ ሁለቴ ዘለል ዘለል አለና አሁን ደሞ ጠበቀው መሰለኝ ፊቱ ተለወጠ፣ ግን ስሙ ተጠራ። ሩጫውን አላነሳሁትም። ስንተኛ እንደወጣም አላየሁም። ማሰሪያው ላይ ግን ዘጠኝ ፎቶ አለኝ።

ሌላ ጊዜ ደሞ የዱላ ቅብብል ልጆች፣ አራት ሴቶች፣ ዱላው ገና ስላልተሰጣቸው በውሃ ላስቲክ ሲለማመዱ። ትልቋ አሰልጣኝ ሆናለች፣ "ወደኋላ አትይ! እጅሽን ብቻ!" እያለች ትጮሃለች፣ ትንሿ ወደኋላ ሳታይ መቀበል አልሆንላት ብሎ በየዙሩ ዞር ትላለች፣ በመጨረሻ ሦስተኛዋ ከኋላ ሄዳ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ ወደፊት አቆመችላት። ላስቲኩ እንደዛ ሆኖ ተላለፈ። አሁን ይሄን ማን ፖዝ ያስደርጋቸዋል? "እስቲ አንቺ ጭንቅላቷን ያዣት" ብትል ይሆናል እንዴ።

ሰዎች እንዴት ሳያዩህ ታነሳቸዋለህ ይሉኛል። ያዩኛል። ልጅ ካሜራ ሳያይ አይቀርም። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ያህል ጣት ማውጣት፣ ምላስ ማውጣት፣ ጓደኛ አናት ላይ ቀንድ መሥራት፣ "እኔንም እኔንም" ምናምን ነው። እኔ አልታገላቸውም፣ አነሳቸዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ አሳያቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ይሆናሉ፣ ከዛ ይሰለቻቸዋል። ሲሰለቻቸው እንደ ግብ ብረት እሆናለሁ፣ አለሁ ግን ማንም አያየኝም። ከአጥር ውጪ ሆኖ በትልቅ ሌንስ እየተደበቁ ልጅ ማንሳት የሚባለውን ነገር ግን አልወደውም፣ ፎቶው ቢያምርም አልወደውም። ሳያውቁ መነሳትና መኖርህን ረስተው መነሳት ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ላይ ልጁ አንዴ አይቶሃል፣ ማን እንደሆንክ ያውቃል፣ ካልፈለገ ዞር ማለት ይችላል። አዘጋጆቹንም ቀድሜ ነው የምጠይቀው፣ ወላጆቹም የማን አባት እንደሆንኩ ያውቃሉ። የማንም አባት ያልሆነ ሰው ትልቅ ሌንስ ይዞ ልጆች መሀል ሲዞር ቢጠየቅ ቅር ሊለው አይገባም።

ፈገግ በሉ የማልለው ግን ለሌላ ነው። ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1862 ባሳተመው ሥራ የሰው ፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እየነካካ ፎቶ አስነስቷል፣ አፍን ማሳቅ እንደሚቻል ዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ግን ከልብ ካልሆነ ማዘዝ እንደማይቻል ጻፈ። ልጆች "ፈገግ በሉ" ስትላቸው የሚሰጡህ አፉን ብቻ ነው። ይሄን ለማወቅ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም ነበር ግን፣ የየቤታችንን የልደት አልበም መክፈት ይበቃል።

የወላጆችንም ፎቶ ማንሳት ጀምሬያለሁ፣ እና አንዳንዴ ከልጆቹ ይበልጣል። ርዝመት ዝላይ ላይ ጀርባዬን ለአሸዋው ሰጥቼ ወደ ተመልካቹ ዞርኩ፣ አንድ አባት ልጁ ስትነሳ የሱም ቀኝ እግር ከመሬት ተነስቷል፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ ሁለት እጁ ወደፊት ተዘርግቷል። እጁ ላይ ስልክ የለም። ይሄን ፎቶ አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። አንድ ልጅ ሩጫ መሀል ላይ ወድቆ፣ ተነስቶ ጨርሶ፣ ከመስመሩ አለፍ ብሎ ፊቱን በማልያው ሸፍኖ ሲያለቅስ አነሳሁት። ብርሃኑ ከጎን ነው፣ ጉልበቱ ላይ አፈሩና ደሙ አለ፣ ማልያውን የጨመቁት ጣቶች ብቻ ነው የሚታዩት። ካነሳኋቸው ሁሉ ምርጡ ነው ብዬ አሰብኩ፣ አሁንም ይመስለኛል፣ እሱ ነው ችግሩ። የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ልብ ምናምን ጎረፈ፣ "ጀግና" "አይዞህ የኔ ጎበዝ"። በማግስቱ እናቱ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፣ ክፉ ቃል የለበትም፣ "ፎቶው ቆንጆ ነው፣ እሱ ግን ክፍል ውስጥ አልቃሻው እያሉት ነው፣ ብታጠፋው ደስ ይለኛል" ነው ያለችው። ከግሩፑ አጠፋሁት፣ ግን ስንት ሰው ስልኩ ላይ እንዳስቀረው ማን ያውቃል። ያ ልጅ እኮ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ነው አታንሳኝ የሚባለው?

በ1989 የወጣው የልጆች መብት ስምምነት አንቀጽ 16 ላይ ልጅም የግል ሕይወቱ ያለ አግባብ እንዳይነካ መብት አለው ይላል። ያን ጊዜ አንቀጹን ባውቅ እንኳ የሚያስቆመኝ አይመስለኝም፣ ብርሃኑ በጣም ጥሩ ነበር። የልጁ ጣቶች ናቸው አሁን የሚያስቆሙኝ። ከዛ ወዲህ የሚያለቅስ ልጅ ሳይ ካሜራው ይወርዳል። ለወላጅ የምልከውን ደሞ ለየብቻ እልካለሁ እንጂ ግሩፕ ላይ አልዘረግፍም፣ ደረት ላይ ያለ ስምና የትምህርት ቤት ጽሑፍ የሚነበብ ከሆነ ከፎቶው ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ስልክ ፎቶ ውስጥ የሚደብቀውን የጂፒኤስ ቦታም አጥፍቻለሁ። እና ልጁ አጠገቤ ካለ መጀመሪያ ለሱ ነው የማሳየው። የልጆች ምርጫ ደሞ ጉድ ነው፣ እኔ የምወደውን አይወዱትም። ሜዳሊያ የተቀበለ ልጅ ሜዳሊያውን ትቶ ጓደኛው ከኋላ አፉን የከፈተበትን ነው "እሱን ላክልኝ" የሚለው።

አሁን ወደ ልጄ። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ማታ ፎቶ እየመረጥኩ፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ያሉትን ብቻ አንድ ላይ ሳያቸው አንድ ነገር ታየኝ። ልጆች መስመሩን እንዳለፉ ሰዓቱን አያዩም። ትልቅ ሯጭ ሰሌዳውን ነው የሚያየው፣ ልጅ ግን ጭንቅላቱን ወደ ጎን ነው የሚያዞረው፣ ወደ ሰዉ። ሁሉም ማለት ይቻላል፣ አንደኛ የወጣውም የመጨረሻዋም። የሆነ ሰው እየፈለጉ ነው። እና ሲያገኙት ያ ዱሼን ያለው ዓይን ዙሪያ ያለው ነገር ይመጣል፣ በቅደም ተከተል ፍሬሞቹ ላይ ይታያል፣ ፍለጋ፣ ፍለጋ፣ ከዛ ብልጭ። የሌላ ሰው ልጆች ፎቶ የሚያምርልኝ ለዚህ ነው ለካ። እኔን አይደለም የሚፈልጉት። በአጠገቤ አልፈው እናታቸውን ሲያገኙ እኔ መሀል ላይ ቆሜ እለቅማለሁ።

ከዛ የልጄን ከፈትኩ። 60 ሜትር፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መስመሩን ካለፈች በኋላ ያለው 14 ፍሬም ነው፣ 1.4 ሰከንድ ማለት ነው። አንደኛው ላይ ወደ ጎን ትዞራለች። ሦስተኛው፣ አራተኛው ላይ ዓይኗ ሰዉን ይጠርጋል። ስድስተኛው ላይ በቀጥታ ወደኔ ታያለች፣ በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ፣ ፎከሱ ሽፋሽፍቷ ላይ ነው፣ ቁልጭ ያለ። እና አታገኘኝም። እዛ ያለው ትልቅ ጥቁር ዕቃና ኮፍያ ነው፣ እንደዛ የቆሙ ደሞ አምስት ስድስት ሰዎች ነን። ሰባተኛው ላይ ዓይኗ አልፎኝ ይሄዳል። እስከ አስራ ሦስት ይፈልጋል። አስራ አራተኛው ላይ መሬቱን እያየች ነው።

ያን ጊዜ ቤት ስንሄድ "አየኸኝ አባዬ?" ብላኝ ነበር፣ "አየሁሽ እንጂ፣ ፎቶ ሁሉ አንስቼሻለሁ" ብያታለሁ። እውነቱን ለመናገር አላየኋትም። ከፍሬሙ ጠርዝ እንዳትወጣብኝ ነበር የምጠብቃት፣ ሹተሩ ስንት ላይ እንዳለ ነበር የማስበው። ስንተኛ እንደወጣች እንኳ ከሌላ ሰው ሰምቼ ነው። ያ የርዝመት ዝላይ አባት እግሩ ተነስቶ የዘለለው ዝላይ ቤቱ ፎቶ የለውም ይሆናል፣ እሱ ግን አብሯት ዘሏል።

ካሜራውን ቤት ትቼ ብሄድስ ብዬ አሰብኩ፣ አልቻልኩም፣ እና ደሞ ሌሎቹ ወላጆች ለምደውታል፣ እሷም ራሷ "ዛሬ ካሜራ የለም እንዴ" ትላለች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ። ለሌሎቹ እንደበፊቱ፣ እሷ ተራዋ ሲደርስ ስክሪኑን ወደ ላይ አጥፌ ካሜራውን ሆዴ ላይ አደርጋለሁ፣ ፎከሱን ለራሱ እተወዋለሁ፣ ፊቴን አወጣለሁ፣ ኮፍያዬንም አወልቃለሁ። እንደዛ ሆኖ ማነጣጠር አይቻልም፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ አራተኛ ወጣች። መስመሩን አለፈች፣ ዞረች፣ በሁለት ቦታ ፈለገች፣ አገኘችኝ። ጣቴ መቼ እንደተጫነ አላስታውስም። ማታ ላይ ስናየው ሜዳው ወደ ግራ ተንጋዷል፣ ከግማሹ በላይ ሰማይና የሌላ ሰው ትከሻ ነው፣ እሷ ጥግ ላይ ናት፣ ጭንቅላቷ ከግንባሯ በላይ ተቆርጧል፣ ዓይኗ ግን ገብቷል፣ ለጥቂት።

ቀና ብላ ስክሪኑን አየች፣ ከዛ እኔን።

"አባዬ፣ ፀጉሬስ?"

እናቷ ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ነበር የሠራቻት።